ንስሐ ስንገባ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«እስቲ መጀመሪያ ልስተካከል፣ ከዚያ ንስሐ እገባለሁ።» እኔም ለዓመታት ብዬዋለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አልኩ፤ 55ቱም ቀን አለፈ። የታመመ ሰው ግን «ድኜ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አይልም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ ከእሪያዎቹ ዘንድ ተነሥቶ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። አባቱ ገና ከሩቅ አየውና ሮጦ አቀፈው፣ ሳመው። አዲስ ልብስና ጫማ የመጣለት ከዚያ በኋላ ነው። ታጥበህ ና ያለው የለም።

ሌላው ስህተት የሰውን ኃጢአት መናዘዝ ነው። ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ራሴ ወድቄበታለሁና። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከንስሐ አባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ከወንድሜ ጋር የተጣላንበትን ማውራት ጀመርኩ። እንዲህ አለኝ፣ በቤቱ ጉዳይ እንዲህ ሸወደኝ። አባ መስቀላቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ የወንድምህን ሰማሁ። ያንተስ?» አሉኝ። ምላሴ ተሳሰረ። ከብዙ ዝምታ በኋላ አንድ ነገር ወጣኝ፦ «እናታችን ታማ እያለ ሆን ብዬ ስልኩን አላነሣሁለትም።» የዚያን ቀን የተናዘዝኩት ይህቺን ብቻ ነው።

ንጉሥ ዳዊትም የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ካስገደለ በኋላ፣ ነቢዩ ናታን ባለጠጋ ስለወሰደበት የድሃ ሰው በግ ሲነግረው፣ የተቆጣው በሌላ ሰው ላይ ነበር። «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲባል ግን «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ። በማንም አላሳበበም። በዳዊታችን 50ኛው መዝሙር፣ ያ የምናውቀው የ«ማረኝ» ጸሎት፣ ከዚህ የመጣ ነው። «በማወቅም ባለማወቅም የሠራሁትን» ብሎ በጅምላ ማለፍም ያው መሸሽ ነው። የኃጢአቱን ስም ጠርተው ይንገሩ።

ቀኖናን፣ ማለትም ከኑዛዜ በኋላ ንስሐ አባት የሚያዝዙትን ስግደትና የመሳሰለውን፣ እንደ ዕዳ መክፈያ የሚያዩም አሉ። ስግደቱን ቆጥረው ጨርሰው «በቃ፣ ተከፈለ» ይላሉ። ቀለል ያለ ቀኖና ሲሰጣቸው የሚከፋቸውም አይቻለሁ። ዋጋው በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ቀኖና ለቁስሉ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው።

የበደሉትን ሰው መዝለልም አለ። ቀራጩ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። አባም ከስግደቱ በፊት ያዘዙኝ ወንድሜ ቤት እንድሄድ ነበር። ከስግደቱ ሁሉ የከበደኝ የእሱን በር ማንኳኳት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ግን ከንስሐ በኋላ እንደገና የወደቀ ሰው «አሁን አባን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ» ብሎ ሲቀር ነው። ይሁዳ እኮ ተጸጽቷል። 30ውን ብር መልሷል፣ «በድያለሁ» ብሏል። ወደ ጌታ ግን አልተመለሰም። ጴጥሮስ የከሰል እሳት እየሞቀ ሦስት ጊዜ ካደ። ከትንሣኤ በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታ ፍም ላይ ዓሣ አድርጎ ጠበቀው። መጀመሪያ አበላው። ከዚያ ለምን ካድከኝ አላለውም። ሦስት ጊዜ የጠየቀው «ትወደኛለህን?» ብሎ ነው።