ኤሊያችሁ መብላት ስታቆም፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬና ለሐረር ግቢዎች

ኤሊ ስትታመም አትጮኽም። አንገቷን ታስገባና ዝም ትላለች። ቤተሰቡም «ተኝታ ነው» ብሎ ያልፋታል። እኛ አካባቢ በየግቢው የምናያት ባለ ነጠብጣቧ የመሬት ኤሊ ግን ወራት የሚፈጅ እንቅልፍ የላትም። አውሮፓ ያሉ አንዳንድ ኤሊዎች ብርዱን ተኝተው ያሳልፉታል፤ የእኛዋ አታደርገውም። ቀትር ላይ ጥላ ትገባለች፣ ማታ ታርፋለች፣ ጠዋት ወጥታ ትግጣለች። ለቀናት ካልወጣች የሆነ ነገር ሆናለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ የሚጀምረው ከምትውልበት ቦታ ነው፤ ከሙቀቱ፣ ከውሃው፣ ከፀሐዩና ከምግቡ።

ወደ ምልክቶቹ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አይቨርሜክቲን አትስጧት። ፍየልና ግመል ያለበት አገር ስለሆነ መድኃኒቱ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ አይጠፋም፤ ለትልም ለመዥገርም ይሰጣል። ለፍየል ደህና ነው። ለኤሊ ግን መርዝ ነው። ሰውነቷን ሽባ ያደርጋል፣ ትንፋሿን ያቆማል። ሐኪም ቤት ስትሄዱም አትፈሩ፣ በትህትና ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ መርፌው አይቨርሜክቲን ይሆን?» ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች በዓመት አንድ ኤሊ እንኳ ላያዩ ይችላሉ፤ ጥያቄው እነሱንም ይረዳል።

አትበላም

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ረፋዱ ካለፈ በኋላ ኤሊ ትበላለች ብላችሁ አትጠብቁ። ምግቧን ጠዋት በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አቅርቡላት። ያኔ ከበላች ሸሽታ የነበረው ሙቀቱን ነው።

ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ሳቢያን ያደገች ኤሊ ደንገጎን ወጥታ ጀጎል ዘመድ ቤት ስትገባ መብላት ብታቆም አይግረማችሁ፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ። የኤሊ ሆድ የሚሠራው ሰውነቷ ሲሞቅ ነው። ከበረዳት የበላችው እዚያው ሆዷ ውስጥ ይቦካል። ስለዚህ የቀዘቀዘች ኤሊን በግድ ማጉረስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ቀድማችሁ አሙቋት።

ሰፋ ያለ ካርቶን ወይም የእንጨት ሳጥን አዘጋጁ። በአንዱ ጫፍ 60 ዋት የሆነውን፣ ሲበራ የሚሞቀውን የድሮ አምፖል ከላይ አንጠልጥሉ። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም፤ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። አምፖሉ ካርቶኑንም ኤሊዋንም እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ብሎ ይቆይ፣ ሲበዛባት የምትሸሽበት ያስፈልጋታል። የታመመች ኤሊ ቀንም ሌሊትም ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ብታገኝ ጥሩ ነው። በግምት አትሂዱ፣ ቴርሞሜትር አስቀምጡ። መብራት ከጠፋ በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አኑሩ፤ ሲቀዘቅዝ ቀይሩት።

ሦስተኛው ጥማት ነው። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፣ የእግሯ ቆዳ ይጨማደዳል። ሽንቷንም እዩት። ከሽንቷ ጋር ነጭ ነገር መውጣቱ ያለ ነው፣ አያስደነግጥም። ለስላሳ ከሆነ ደህና ናት። በጣታችሁ ስታሹት አሸዋ አሸዋ የሚል ከሆነ ግን ውሃ ጎድሏታል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጉና አገጯ ድረስ ብቻ እንዲደርስ አድርጋችሁ አስቀምጧት። 20 ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ። ብዙዎቹ እዚያው ይጠጣሉ፣ እዚያው ይሸናሉ። አንገቷን ማንሳት ያቃታትን ግን ለደቂቃም ብቻዋን አትተዋት፣ ትሰምጣለች።

ሴት ከሆነች ደግሞ እንቁላል ይዛ ይሆናል። አትበላም፣ ግን አትደክምም፤ ግቢውን ስትዞር ትውላለች፣ በኋላ እግሯ መሬት ትጭራለች። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ከሆነ የምትቆፍርበት የላትምና እንቁላሉን ይዛ ትቀራለች። ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ጥግ ላይ ከ30 ሳንቲሜትር የማያንስ ጥልቀት ያለው ለስላሳ አፈር ክመሩላት። እየማጠች ካልወጣላት ራጅ ያስፈልጋታል።

ፌስታልም አለ። ኤሊ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር ስታይ ትነክሳለች፣ የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ትውጣለች። መብላቷም ኩሷም አብሮ ከቆመ ይህን ጠርጥሩ። ሙቀቱና ውሃው ተስተካክሎላት ሳምንት ሙሉ ካልበላች ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ለትንንሾቹ ሳምንት ብዙ ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። በየወሩ በሰፈር ሱቅ ሚዛን እየመዘናችሁ ብትጽፉ ደግሞ ዓይን ከማየቱ በፊት ክብደቷ መቀነሱን ያሳብቃል።

አፍንጫዋ ይፈሳል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች

ጆሯችሁን ፊቷ አጠገብ አድርጉና ፀጥ በሉ። ጤነኛ ኤሊ ስትተነፍስ ምንም አይሰማም። የታመመችው ላይ ቀጭን ፉጨት ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። አፍንጫዋ ቀዳዳ ላይ አረፋ ይነፋል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ይነፋል። ስትብስ አንገቷን ወደ ላይ ዘርግታ አፏን ትከፍታለች።

ይህ የሳንባ በሽታ ነው። ኤሊ እንደ እኛ ስላ አክታ ማውጣት አትችልም፤ የገባው እዚያው ይተኛል። ምክንያቱ ባብዛኛው ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ነው፤ ዝናብ የገባበት ቤት፣ ማታ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ማደር። በብርዱ ላይ የምግብ ጉድለት ሲጨመር ይብሳል።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ማሞቅ፣ ደረቅ ቦታ ማስተኛት፣ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ማቆየትና ከሌሎች ኤሊዎች መለየት ነው። ከዚያ ሐኪም። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ፈትታችሁ አታግቷት። አንቲባዮቲኩ በመርፌ ይሰጣል፣ ብዙውን ጊዜ ፊተኛው እግሯ ላይ፣ በክብደቷ ተሰልቶ። የኤሊ ሰውነት መድኃኒትን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው፤ እንደ ሴፍታዚዲም ያለው በየሦስት ቀኑ አንዴ ይሰጣታል። ለፍየል እንደሚደረገው በየቀኑ ከተወጋች ይበዛባታል። ጀንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ውሃ የጎደላትን ኤሊ ኩላሊት ይጎዳል። እነዚህን ለሐኪሙ ማንሳት ድፍረት አይደለም።

የውሃ ኤሊ ያላችሁ፣ ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ወይም መስመጥ ካቃታት ያው የሳንባ ምልክት ነው።

ቅርፊቷ ላይ ነጭ ነገር ወጣ

ከዚራ ያሉ አንዲት እናት ደንግጠው አስጠሩኝ። «ልጄ፣ ኤሊዬን ሻጋታ በላት» አሉ። ኤሊዋ የግቢው ቧንቧ ሥር መዋል ትወዳለች። ጀርባዋ ላይ፣ ውሃው በሚንጠባጠብባት በኩል፣ ግራጫ የሆነ ነጭ ቅርፍ ተጋግሯል። «እማማ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አለዎት?» አልኳቸው። በውሃ እያራስኩ ቀስ ብዬ ስፈትገው እየተላጠ ወጣ። ሥሩ ጠንካራ፣ ቢጫና ጥቁሩ እንዳለ፣ ምንም ሽታ የለውም። የድሬ ውሃ ነው! ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ያው ኖራ።

ትክክለኛው የቅርፊት መበስበስ ሌላ ነው። ፈትጋችሁት አይወጣም። ሥሩ ይለሰልሳል፣ ጎድጎድ ይላል፣ ይሸታል፣ አንዳንዴም ይደማል። የሚመጣው ከቆሸሸ ውሃ፣ ሁልጊዜ ከረጠበ መሬት ወይም ካልታከመ ጭረት ነው። ቤታዲን የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ በንጹህ ውሃ አቅጥኑ፣ በየቀኑ እጠቡበት፣ ከዚያ ደረቅ ቦታ አቆዩአት። ጥልቅ ከሆነ ሐኪሙ የሞተውን ክፍል መጥረግ አለበት።

ባጃጅ የገጫት ወይም ውሻ ያኘካት ኤሊ ቅርፊቷ ቢሰነጠቅም ልትድን ትችላለች፣ ተስፋ አትቁረጡ። ቁስሉን በዚያው ቀጭን ቤታዲን እጠቡት፣ በንጹህ የቁስል መሸፈኛ ጋዝ ሸፍኑት፣ ቤት ውስጥ አስገቧት። በድሬ ሙቀት ክፍት ቁስል ላይ ዝንብ ወዲያው ያርፋል፣ እጭ ይጥላል፤ የሽፋኑ አንዱ ጥቅም ይህን መከላከል ነው። በሱፐር ግሉ አትለጥፉት፣ ቆሻሻውን ውስጥ ትዘጉበታላችሁ።

እዚህ ላይ ዝም ማለት የማልችለው ነገር አለ። እንዳትጠፋ ተብሎ የቅርፊቷን ጠርዝ በስተው ሽቦ የሚያስሩ አሉ። ቅርፊቷ ከላይዋ የተጫነ ድንጋይ አይደለም። ሕይወት ያለው አጥንት ነው፤ ደም አለው፣ ነርቭ አለው። ስትበሱት ያማታል፤ ቀዳዳውም ለበሽታ በር ይከፍታል። ቀለም መቀባቱም ይቅር። የግቢው በር ሥር ክፍተት ካለ ክፍተቱን ዝጉት።

ቅርፊቷ ለሰለሰ

በጣም ትንሽ ኤሊ ስትጫኗት ቅርፊቷ በትንሹ ጎድጎድ ቢል ያለ ነው። አድጋም ከለሰለሰ፣ ስትሄድ ሆዷን ከመሬት ማንሳት ካቃታት፣ መንጋጋዋ ከላላ አጥንቷ ካልሲየም አጥቷል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ፀሐይ አታገኝም ወይም ምግቧ ካልሲየም የለውም። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርላትም፤ የሚጠቅማትን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጠዋት ጠዋት ውጭ አውጧት፣ ግን ሁልጊዜ ጥላ አጠገቧ ይሁን። ድሬ ላይ በጀርባዋ ተገልብጣ ፀሐይ ላይ የቀረች ኤሊ በአጭር ጊዜ ትሞታለች።

ለምግብ ከሁሉ የምወደው እኛ ቲኒ የምንለውን የበለስ ቅጠል ነው። እሾሁን አቃጥላችሁ ወይም ፍቃችሁ ቆራርጡላት። ካልሲየምም ውሃም አለው፣ በነጻም ይገኛል። ሳር ደግሞ ዋናው ቀለቧ ይሁን። የሽፈራው ቅጠል ጨምሩላት። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ ምግቧ ላይ ነስንሱ። ቆስጣ አታብዙ፤ ውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርባታል።

ዓይኗ አበጠ

አትክልት ሳታይ በሥጋና በዳቦ ብቻ ያደገች የውሃ ኤሊ ላይ ይበዛል፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ዓይኗ ስለተዘጋ ምግቡን አታይም፣ ስለዚህ አትበላም። ውሃዋን ቀይሩ፣ ዓይኗን በንጹህ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ የተፈጨ ካሮትና በሳምንት አንዴ ትንሽ ጉበት ስጧት። ጉበቱ ለውሃ ኤሊ ብቻ ነው፤ የመሬቷ ሳር በል ናት። የቫይታሚን ኤ መርፌ ከበዛ ቆዳዋን ይልጠዋል፣ በራሳችሁ አታስወጓት። ከዓይኗ ኋላ፣ ጆሮዋ ላይ ጠጣር እብጠት ካያችሁ ደግሞ መግል ነው። በመርፌ አይመጠጥም፣ ሐኪም ቀዶ ያወጣዋል።

ተቅማጥ

ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሐብሐብ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፣ ወተት። ከእነዚህ አንዱን አገኘች ማለት ነው። አቁሙና ለሳምንት ሳር ብቻ ስጧት፣ አብዛኛው በዚያ ይስተካከላል። ገራባም፣ የጫት ትራፊው ማለቴ ነው፣ አይሰጥም። ፍየሉ ይበላዋል አትበሉኝ፤ ጫት አነቃቂ ነው፣ ላዩ ላይም የተረጨ ፀረ ተባይ ሊኖር ይችላል። ካልቆመ ኩሷን ለምርመራ ውሰዱ፤ ትል ከተገኘ ሐኪሙ ፌንቤንዳዞል ሊያዝላት ይችላል።

መዥገር

አንገቷ ሥርና በእግሯ እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። በወረንጦ ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ቦታውን በቤታዲን ጥረጉ። ነጭ ጋዝ አታፍስሱ፣ የከብት መርጫም አትንፉባት።

ዛሬውኑ የሚያስኬድ

ከጅራቷ ሥር ሮዝ ወይም ቀይ ሥጋ ወጥቶ ካልተመለሰ አትጠብቁ። በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ወፍራም የስኳር ውሃ አፍስሱበት፣ እርጥብ ጋዝ አልብሳችሁ ውሰዷት። እንዲደርቅ አትፍቀዱ። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ የምትደማ፣ ስትነኳት እግሯን የማትሰበስብ ኤሊም እንዲሁ።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለው፤ ለሁለቱም ከተማ ይቀርባል። ስትወስዷት ከላይ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ፣ ፎጣ ላይ አስቀምጧት። ፌስታል ውስጥ አይሆንም፣ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥም አይሆንም። ከድሬ ስትነሱ በማለዳ ይሁን። ክብደቷን፣ የምትበላውን፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳቆመች ጻፉ፤ ትኩስ ኩስ ካለ በትንሽ ዕቃ ያዙ። ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆችንም አስታጥቡ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። ሳፋዋን ወጥ ቤት አትጠቡት።