የአገር ቤትን ምርጫ ከባሕር ማዶ ሆኖ መከታተል

በቅድሚያ የመምረጥን ነገር እንጨርስ። በ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ በየኤምባሲው የድምፅ ሣጥን አልተቀመጠም። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ቢኖረውም መምረጥም መመረጥም አይችልም። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያላችሁም ብትሆኑ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርን ይጠይቃል። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ገብቶ መመዝገብ አይሆንም፤ ለዚያ ብላችሁ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጡ። ለፓርቲ ገንዘብ ለመላክ ያሰበም ቆም ይበል፤ ፓርቲዎች ከውጭ ዜጋ ስጦታ መቀበል አይፈቀድላቸውም።

ስለዚህ ሥራችሁ መከታተል ነው፤ እሱም ሰዓቱን ከማወቅ ይጀምራል። ምርጫ ጣቢያ የሚከፈተው ጧት 12 ሰዓት፣ የሚዘጋው ምሽት 12 ሰዓት ነው። ዓመታት ውጭ የኖረ ሰው «12» ሲባል እኩለ ቀን ይመስለውና ግራ ይጋባል። ምርጫው ሰኔ ውስጥ ከዋለ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት፣ ሎንዶን በ2፣ ፍራንክፈርት በ1 ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሪያድና ቴል አቪቭ እኩል ናቸው፤ ዱባይ በ1 ይቀድማል። ዋሽንግተን ያለ ሰው ጣቢያ ሲከፈት ማየት ከፈለገ በዋዜማው በፈረንጅ ሰዓት 11 ማታ ላይ መንቃት አለበት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ደግሞ ሰኔ ላይ 7 ደምሩ፤ ሰኔ 14 ጁን 21 ነው። መዝጊያው ሊራዘም እንደሚችልም አትርሱ፤ በ2013 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተገፍቷል።

የምርጫው ዕለት ማታ ቴሌግራም ላይ የሚፈሰው ፎቶ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ቆጠራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ጣቢያ ውጤቱን በር ላይ ይለጥፋል፤ የሚሠራጨው የዚያ ወረቀት ፎቶ ነው። ሳታጋሩት በፊት አጉልታችሁ እዩት። የጣቢያውና የምርጫ ክልሉ ስም ይነበባል ወይ? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው ወይስ የክልል ምክር ቤት? መራጩ ሁለት ወረቀት ስለሚሰጠው ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። ፊርማና ማኅተም አለው ወይ? ቀጥሎ ደምሩ፦ የዕጩዎቹ ድምፅ ሲደመር፣ ዋጋ አልባውን ጨምሮ፣ ስንት ይመጣል? በ2013 አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘግብም ነበር። አንድ ጣቢያ 4,000 ድምፅ ቆጠረ የሚል ወረቀት ካያችሁ ሌላ ማጣራት አያስፈልጋችሁም።

ወረቀቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ አንድ ጣቢያ የምርጫ ክልሉን አይወክልም፤ አዲስ አበባም አገሩን አትወክልም። ምክር ቤቱ 547 መቀመጫ አለው፤ የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ነው። በ1997 ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም ጠራርጎ ወስዶ ነበር፤ አገር አቀፉ ድምር ግን ሌላ ሆነ። መቀመጫዎቹ ሁሉ ተወዳድረውባቸው ከሆነ አብላጫው 274 ነው። ካልሆነ ስንት እንደተወዳደሩ አስቀድማችሁ እወቁ፤ በ2013 ትግራይ አልመረጠም፣ ሶማሌና ሐረሪ ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2014 ነበር የመረጡት። በእያንዳንዱ የምርጫ ክልል ብልጫ ያገኘው ያሸንፋል፤ በጠቅላላ ድምፅ ተሠልቶ መቀመጫ አይከፋፈልም። «ይህን ያህል ከመቶ አገኘን» የሚለው ጩኸት መቀመጫ አይቆጥርም።

ቤተሰብ ጋ ስትደውሉ ማንን እንደመረጡ አትጠይቁ፣ የድምፅ መስጫ ወረቀት ፎቶም አታስልኩ። ድምፅ ምስጢር ነው፤ እናንተ ስልኩን ዘግታችሁ ወደ ሥራ ስትሄዱ እነሱ እዚያው ሰፈር ነው የሚውሉት። ኢንተርኔት ቢጠፋስ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚህ ሰዓት በተራ ስልክ እደውላለሁ፣ ካልተነሣም ነገ በዚሁ ሰዓት ይባል። ካልተነጋገራችሁ አንድ ያልተነሣ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያሳጣል።

ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። አውሮፓና አሜሪካ ያለ ሰው ባንዲራ ይዞ አደባባይ ቢወጣ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሳዑዲና ኤምሬትስ ግን ሰልፍ ወንጀል ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የገዛ አገራቸውን መንግሥት ተቃውመው ኤምሬትስ ውስጥ የተሰለፉ 57 ባንግላዴሻውያን ተፈርዶባቸው ነበር፤ ከመካከላቸው ሦስቱ ዕድሜ ልክ። በኋላ ይቅርታ አገኙ።

የመጨረሻው ውጤት የሚወጣው ከምርጫ ቦርድ ነው፤ በማግስቱም አይመጣም። በ2013 ሰኔ 14 የተሰጠው ድምፅ ይፋ የሆነው ሐምሌ 3 ነው፤ 19 ቀን ፈጅቷል። ከሥራ ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ የምርጫውን ዕለት ሳይሆን ያንን ቀን ብትጠይቁ ይሻላል።