ከሊዝበን ሄልሲንኪ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው? ራሳችሁ አስሉት

እህቴ ሄልሲንኪ ትኖራለች፣ እኔ ሊዝበን። መጀመሪያ ልጠይቃት ስሄድ "10:00 ላይ እነሳለሁ፣ በረራው 4 ሰዓት ከ40 ነው" አልኳት። እሷም ደምራ 14:40 ላይ መውጫው በር ላይ ቆመች። እኔ የደረስኩት 16:40 ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አበባ ይዛ ጠበቀችኝ። ሳቅፋት የአበባው መጠቅለያ ወረቀት በእጇ ላብ ርሶ ነበር። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ሂሳቡን ሳልሠራ ለማንም ሰዓት አልናገርም።

ከርቀቱ ጀምሩ። የሊዝበን ኤርፖርት 38.8 ዲግሪ ሰሜን፣ 9.1 ምዕራብ ላይ ነው። የሄልሲንኪው 60.3 ሰሜን፣ 25.0 ምሥራቅ። ወደ ሰሜን 21.5 ዲግሪ ይራራቃሉ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 2,390 ገደማ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ ደግሞ 34.1 ዲግሪ ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ወደ ሰሜን በወጣን ቁጥር የኬንትሮስ መስመሮች እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ስለዚህ 34.1ን በ111 ካባዛችሁ በኋላ በ0.65 አባዙት፤ ይህ የመካከለኛው ኬክሮስ ኮሳይን ነው። 2,460 ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 3,430 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው 3,360 ገደማ ነው። የ70 ኪሎ ሜትር ስህተት ለአውሮፕላን የ5 ደቂቃ መንገድ ነው፣ አትጨነቁበት።

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ አትለኩ። ማስመሪያው በምዕራብ ጀርመን በኩል ይወስዳችኋል። አጭሩ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል። እኩሌታው ላይ ስትደርሱ ቤልጂየም ናችሁ፣ ከብራሰልስ ትንሽ ወደ ምዕራብ። ይህን ያወቅሁ ቀን በጣም ነው የገረመኝ።

ቀጥሎ ርቀቱን ለ830 አካፍሉ፤ ጄቶች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ይህን ያህል ይሄዳሉ። 4 ሰዓት ይወጣል። መሬት ላይ ለሚነዳበት፣ ለመውጣትና ለመውረድ 40 ደቂቃ ጨምሩ። ስትመለሱ ግን ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል። ላይ ያለው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ይገፋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይመጣል።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ሄልሲንኪ ሊዝበንን በ2 ሰዓት ትቀድማለች፣ በጋም ክረምትም። ሁለቱም በመጋቢትና በጥቅምት መጨረሻ እሁድ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ እኩል ስለሚቀይሩ ልዩነቱ አይነቃነቅም። ከ10:00 እስከ 16:40 ሲል 6 ሰዓት ከ40 ይመስላል፤ 2 ቀንሱ። ስትመለሱ ከ10:00 እስከ 13:00 ሲል የ3 ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ 2 ጨምሩ።

አሁን ለእህቴ የምልክላት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "በናንተ ሰዓት 16:40 አርፋለሁ።" ሻንጣ ካስጫንኩ "17:10 ውጪ" እላታለሁ። ሁለቱም ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም እርስ በርስ ድንበር ላይ ፓስፖርት በማይፈትሹት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ፣ ስለሆኑ የፓስፖርት ሰልፍ አይጠብቀኝም።