«ጄንትል»ን ስንተረጉም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቆዩ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ወደ አማርኛ የተመለሱ ረቂቆችን ሳርም ከሁሉ በላይ የሚያስመርረኝ «ጄንትል» (gentle) የሚለውን ቃል በተገኘበት ሁሉ «ለስላሳ» ወይም «ገር» ብሎ ማለፍ ነው። ቃሉ ወገንና ዘር ከሚል የላቲን ሥር ወጥቶ፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል በ13ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የሚናገረው ስለ ትውልድ ነበር፤ ከደኅና ቤት ከተወለደ ሰው ደኅና ጠባይ ይጠበቃልና ትርጉሙ ቀስ በቀስ ወደ አኳኋንና ጠባይ ተሻገረ፤ ዛሬ የለመድነው ልስላሴ የጎላው ግን በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጄንትል ያለው ፈረሰኛ በብዙ ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ነው፤ ይህን «ለስላሳው ፈረሰኛ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አንባቢው ቢስቅበት ሊቀየም አይገባውም። የሚያናድደው መፍትሔው ከአፋችን አለመራቁ ነው፦ «የጨዋ ልጅ» ስንል ትውልድንም ጠባይንም አብረን እንናገራለን።

«ጄንትልማን»ን «መኮንን» ማለትም ስህተት ነው። ጄንትልማን ከናይት (ከባለ ማዕረጉ ፈረሰኛ) እና ከእርሱ ቀጥሎ ካለው ከኤስኳየር በታች የሚቆጠር፣ የመኳንንት ማዕረግ የሌለው፣ ሆኖም በእጁ ሥራ የማይተዳደር ሰው ነበር። በ1413 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ሕግ በክስ ጽሑፍ ላይ የተከሳሹ ደረጃ ወይም ሙያ እንዲጠቀስ ካዘዘ ወዲህ ቃሉ እንደ መደብ መጠሪያ እየተለመደ ሄደ። ደረጃው በትውልድ ብቻ የሚገኝም አልነበረም፤ ጓንት ሠሪው ጆን ሼክስፒር በ1596 የቤተሰብ አርማ ሲፈቀድለት ልጁ ዊልያምም ጄንትልማን ለመባል በቃ። ቄስ ጆን ቦል በ1381 ላመፁት ገበሬዎች «አዳም ሲቆፍር፣ ሔዋን ስትፈትል፣ ጄንትልማኑ ማን ነበር?» እያለ መስበኩ የሚታወቅ ነው፤ አንድ ረቂቅ ላይ ይህ «ትሑቱ ሰው ማን ነበር?» ተብሎ አገኘሁትና የስብከቱ ቁጣ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

«ጄንቲል» (genteel) ከዚያው ከፈረንሳይኛው በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዳግመኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የታይታ ጨዋነትን የሚሸነቁጥ ሽሙጥ ስላለበት እንደ ሙገሳ አይተርጎም። «ጄንታይል» (gentile) ደግሞ፣ ሥሩ አንድ ቢሆንም፣ በመጽሐፍ ቅዱስ «አሕዛብ» የምንለው ነው።