የድሮና የዘንድሮ ጌም ኮንሶሎችን ጉልበት ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ጌመሮች ሲገናኙ «የቱ ይበልጣል?» የሚል ክርክር አይጠፋም። ችግሩ አብዛኛው ተከራካሪ አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ መምጣቱ ነው።

ፍጥነትን ብቻ ማየት። የስህተቶች ሁሉ አባት ይሄ ነው። በ2006 የወጣው ፕሌስቴሽን 3 ፕሮሰሰሩ 3.2 ጊጋኸርዝ ነበር። በ2013 የመጣው ፕሌስቴሽን 4 ደግሞ 1.6። ልክ ግማሹ! ታዲያ ሶኒ ወደ ኋላ ሄደ? ኧረ በጭራሽ። አዲሱ ስምንት ኮር (ጎን ለጎን የሚሠሩ የፕሮሰሰር ክፍሎች) እና 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ነበረው፤ የቀድሞው ሚሞሪ ግን ተደምሮ 512 ሜጋባይት ነው፣ እሱም ለሁለት የተከፈለ። ጊጋኸርዝ በሰከንድ የሚመታውን ምት ይቆጥራል እንጂ በአንዱ ምት ስንት ሥራ እንደሚያልቅ አይናገርም።

በቢት (ፕሮሰሰሩ በአንዴ በሚያስተናግደው የዳታ ስፋት) መለካት። አታሪ በ1993 ጃጓር የተባለውን ኮንሶሉን «64 ቢት» እያለ ሸጠው። በቢት ከሄድን የዛሬው ፕሌስቴሽን 5 ፕሮሰሰርም 64 ቢት ስለሆነ እኩል ናቸው ልንል ነው። ቢት በዚያ ዘመን ከመለኪያነቱ ይልቅ ማስታወቂያነቱ ያመዝን ነበር።

ፕሮሰሰሩን አይቶ ሌላውን መርሳት። እኔ በጣም የምወደው ክርክር እዚህ ጋ ነው። ኒንቴንዶ 64 ወደ 94 ሜጋኸርዝ፣ የመጀመሪያው ፕሌስቴሽን ወደ 34። በወረቀት ላይ ጨዋታው አልቋል። እውነትም ፕሌስቴሽን ላይ ግድግዳ ሲጠጉት ምስሉ ይጣመማል፤ ኒንቴንዶ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግን የኒንቴንዶ ግራፊክስ ቺፕ ቴክስቸር (በነገሮች ላይ የሚለበጠውን ምስል) የሚያስቀምጥባት ቦታ 4 ኪሎባይት ብቻ ናት። ለዚህ ነው መሬቱም ሣሩም የደበዘዘው። የኒንቴንዶ ጨዋታ የሚመጣበት ትልቁ ካርትሪጅ ደግሞ 64 ሜጋባይት ሲሆን የፕሌስቴሽኑ አንድ ሲዲ ከ600 በላይ ይይዛል። ፋይናል ፋንታሲ 7 የተባለው ጨዋታ በ1997 ከኒንቴንዶ ይልቅ በሦስት ሲዲ ወደ ፕሌስቴሽን የሄደው ለዚሁ ነው።

ቴራፍሎፕን (በሰከንድ የሚሠራውን ስሌት በትሪሊዮን የሚቆጥር መለኪያ) ማምለክ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 12፣ ፕሌስቴሽን 5 ደግሞ 10.28። አንዱን ጨዋታ ሁለቱም ላይ ክፈቱና ልዩነቱን በዓይናችሁ ፈልጉ። በብዙዎቹ ላይ ትለፋላችሁ።

የድሮውን በአዲስ ቲቪ መፍረድ። የመጀመሪያው የሶኒክ ጨዋታ ላይ ያለው ፏፏቴ የተሳለው አንድ መስመር እየዘለለ ነው። በድሮው ባለ ቱቦ ቲቪ መስመሮቹ ይቀላቀሉና ውሃው ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ፍላት ስክሪን ላይ ግን አጥር ሆኖ ቁጭ ይላል። ኢሙሌተር (የድሮ ኮንሶል ጨዋታን በኮምፒውተር የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ደግሞ በተቃራኒው ያታልላል። የፕሌስቴሽን 2 ጨዋታን በ4ኬ ሲያሳያችሁ የምታዩት የኮምፒውተራችሁን ጉልበት ነው።