ለቢሮ የክላውድ ዶክመንት ሲስተም ከመግዛታችሁ በፊት
ለቢሮ ዶክመንት የሚሆን ክላውድ ሲስተም እየመረጣችሁ ከሆነ ዴሞ አይታችሁ ብቻ እንዳትወስኑ፣ የሙከራ አካውንት ክፈቱና በራሳችሁ ፋይል ሞክሩት። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ጫኑና ውስጡ ያለ አንድ ቃል ሰርች አድርጉ፣ ትንሽ ቆይታችሁም ካላገኘው ኦሲአር (ስካን የተደረገ ምስል ላይ ያለን ጽሑፍ የሚያነብ ቴክኖሎጂ) የለውም ወይ ቋንቋችሁን አያነብም ማለት ሊሆን ይችላል፣ እንደዛ ከሆነ ደግሞ ነገ አንድ ደብዳቤ ስትፈልጉ መዋላችሁ ነው። ከዛ ሁሉንም ከነፎልደሩ መልሳችሁ አውርዱት፣ ይሄ በጣም ወሳኝ ነው፣ ማስገባቱ ቀላል ሆኖ ማውጣቱ የሚያስቸግር ሲስተም ስላለ። የተሰረዘ ፋይል ስንት ቀን እንደሚቆይም እዩ፣ ጉግል ድራይቭ ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ነው፣ የማይክሮሶፍቱ ሼርፖይንት ላይ 93 ቀን፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማን ምን እንደቀየረ የሚያሳይ ሎግና ቱ ፋክተር (ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቅ አገባብ) የሌለውንማ ዝም ብላችሁ እለፉት።