ዋናተኛን ከትከሻው የሚያጣሉ ስህተቶች

በ50 ሜትር ገንዳ 6 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ ሰው ገንዳውን 120 ጊዜ ያቋርጣል። በአንድ ማቋረጥ 40 ጊዜ ቢቀዝፍ፣ እያንዳንዱ ትከሻ በአንድ ልምምድ ብቻ 2,400 ጊዜ ይዞራል። እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት ትንሽ ሆና አትቀርም።

የፊቱን ብቻ ማጠንከር

ውሃውን ወደ ኋላ የሚስቡት የደረትና የጎን ጀርባ ትልልቅ ጡንቻዎች ናቸው። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩትም እነሱ ናቸው። መዋኘቱ ራሱ በየቀኑ ያፈረጥማቸዋል። ታዲያ ጂም ገብቶ ደግሞ ፑሽ አፕና ቤንች ፕሬስ መደራረብ ምን ይሉታል? ክንድን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ትንንሾቹ ጡንቻዎች ግን ጠያቂ የላቸውም። እነሱ ሲደክሙ የክንድ አጥንት ራስ ከመሃሉ ሸሸት ይላል፤ ጅማቱም መፋተግ ይጀምራል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አንድ ላስቲክ። ከበር እጀታ ጋር እሰሩት። ክርናችሁን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ከጎናችሁ አስጠጉ፤ በክርናችሁና በጎናችሁ መሃል የታጠፈ ፎጣ ያዙ። ከዚያ እጃችሁን ከሆዳችሁ ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ስትመልሱም ቀስ። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል ማለት ነው። ላስቲኩ ቀጭን ይሁን። ጉልበት ማሳየቱ እዚህ አይሠራም።

የላላውን መለጠጥ

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ገንዳ ዳር አንዱ የሌላውን ሁለት ክንድ ከኋላ ይዞ እስኪገናኙ ይጎትታል። የብዙ ዋናተኛ ትከሻ እኮ ድሮም የላላ ነው! የፊቱን ጅማት ይበልጥ ማላላት መገጣጠሚያውን ያለ ደጋፊ ያስቀረዋል። ማሟሟቅ ከፈለጋችሁ ክንዳችሁን አወዛውዙ፣ ቀስ ብላችሁም ዋኙ።

ውሃ ውስጥ

በፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ ክንድን እያፈራረቁ በሚዋኝበት ስልት) አውራ ጣትን አስቀድሞ መክተት፣ እጅን ከራስ ፊት አሻግሮ ወደ ሌላው ጎን መላክ፣ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ መተንፈስ፤ ሦስቱም ትከሻን ያጨናንቃሉ። ትከሻ እያመመ ፓድል (መዳፍ ላይ የሚታሰር የመቅዘፊያ ሳህን) ማድረግማ ጭራሽ አይታሰብም። «ዛሬ እግር ብቻ ነው» ብሎ ክንድን ዘርግቶ ኪክቦርድ (ተንሳፋፊ ሰሌዳ) መያዝም እረፍት አይደለም። በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ እጃችሁን ከጎናችሁ አድርጋችሁ እግር ምቱ።

ማስታገሻ ውጦ መግባት

የጡንቻ ድካም በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ትከሻ ፊት ላይ የሚወጋ፣ ክንድ ሲነሳ የሚብስ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ግን ድካም አይደለም። ያኔ ላስቲኩም ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው።